ስለ አረማውያን ሃይማኖቶች ጥናት ጠይቁኝ፦ ከማሕረም እስከ ዊካ

ባለፈው ስለ ጥንታዊ እምነቶች ስናወራ ጥያቄው በዛና በአንድ ላይ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። የተማርኩት የሃይማኖት ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ፓጋን፣ አረማዊ፣ ጣዖት አምላኪ፤ ሁሉም አንድ ናቸው?

ሦስቱም ቃላት ከውጭ የተለጠፉ ናቸው። የላቲኑ ፓጋኑስ መጀመሪያ የገጠር ሰው፣ ባላገር ማለት ነበር፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች የጥንቶቹን አማልክት ለሚያመልክ ሰው ሁሉ ሰጡት። የእኛው አረማዊም ታሪኩ ይመሳሰላል። ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ሥሩም የአራም ሰው ማለት ነው። የሶርያ ክርስቲያኖች ክርስትና ያልተነሣውን በዚያ ስም ይጠሩት ነበር። እና እስቲ አስቡት፤ በሮም ዘመን ጠዋት ተነሥቶ ለቤቱ አማልክት ዕጣን የሚያጨስ ሰው "እኔ ፓጋን ነኝ" ብሎ አያውቅም። ለእሱ አባቶቹ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው፣ በቃ።

ዛሬ ግን በፈቃዳቸው "ፓጋን ነን" የሚሉ ሰዎች አሉ። የእንግሊዝኛ ምሁራን ሁለቱን የሚለዩት በትልቅና በትንሽ ፊደል ነው። በፊደላችን ይሄ አይቻልም። ስለዚህ እኔ የጥንቱን አረማዊ፣ የዛሬውን ፓጋን እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከክርስትና በፊት አክሱም ምን ታመልክ ነበር? ማስረጃውስ ምንድን ነው?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ማስረጃው ድንጋይና ሳንቲም ነው። አክሱም ውስጥ የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ አለ። አንዱ መልእክት በግሪክ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እንደገና ደግሞ ግዕዙ በሳባውያን ፊደል ተቀርጿል። እዚያ ላይ ንጉሡ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል። ግሪኩ ማሕረምን አሬስ ብሎ ተርጉሞታል፤ አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ከዘመቻ ሲመለስ ለወለደው አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት አቁሟል። በሌላ ጽሑፍ ደግሞ አስተር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክት ተጠርተዋል። ብሔርና ምድር! ዛሬም በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉ ቃላት።

ኋላ ላይ ማሕረም ይጠፋል። የግዕዙ ጽሑፍ "እግዚአ ሰማይ" ማለት ይጀምራል፣ ግሪኩ ደግሞ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። ሳንቲሙም ይመሰክራል። የጣት ጥፍር የምታህል የወርቅ ሳንቲም ናት። በፊት ከንጉሡ ራስ በላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ነበረ፤ በኋላ ቦታውን መስቀል ወሰደው።

ከዚያ በጣም ወደኋላ ከሄዳችሁ የሓ ትደርሳላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ነው። አልመቃህ በየመን የሳባ ዋና አምላክ ነበር። ግድግዳው ዛሬም ወደ 14 ሜትር ይቆማል። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ፣ ያለ ምንም ማያያዣ ተገጣጥመው በመሀላቸው ምላጭ እንኳ የሚገባ አይመስልም። አጠገቡ ያለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዋልያ የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ተሰክተዋል። ለአልመቃህ የተጠረበው ድንጋይ ዛሬ ቅዳሴ ይሰማል ማለት ነው። በ2007 ደግሞ ውቅሮ አጠገብ ሌላ የአልመቃህ መቅደስ ከነመሠዊያው ተገኝቷል፤ ስለዚህ የሓ ብቻዋን አልነበረችም።

ጥያቄ፦ ዊካ፣ ማለትም የዛሬዎቹ ፓጋኖች የጥንቆላ እምነት፣ የጥንት የአውሮፓ ሃይማኖት ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ታሪኩ ግን ደስ ይላል። በ1921 ማርጋሬት መሪ የምትባል የግብፅ ጥናት ምሁር፣ በጠንቋይነት ተከሰው የተገደሉት አውሮፓውያን በድብቅ የቆየ ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ ብላ ጻፈች። ማስረጃዋ በአብዛኛው ከተከሳሾቹ በስቃይ የወጣ የጥፋተኝነት ቃል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ሲሻር ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረተኛ ያ ሃይማኖት አልሞተም፣ እኔም አባል ነኝ አለ፤ በ1954 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ዊካ የምንለው ከእሱ የመጣ ነው። የማርጋሬት መሪን ሐሳብ ሌሎች የታሪክ ሰዎች ቀስ በቀስ አፈረሱት። በ1999 ሮናልድ ሃተን የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው፣ ዊካ የተሠራው ከ19ኛውና ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም፣ ከምሥጢር ማኅበራትና ከአፈ ታሪክ ጥናት መሆኑን በዝርዝር አሳየ።

"ታዲያ ውሸት ነዋ" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ አልልም። አዲስ መሆንና ውሸት መሆን ለየብቻ ናቸው። ብዙ ዊካኖችም የሃተንን ሥራ ተቀብለው እምነታቸውን ቀጥለዋል።

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ የምናያቸው ቶርና ኦዲንስ?

የሰሜን አውሮፓ የጥንት አማልክት ናቸው። ስለ እነሱ ብዙውን የምናውቀው የአይስላንዱ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን በ1220 ገደማ ከጻፈው ነው። አይስላንድ ግን ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 አካባቢ ነው። ሰውየው ክርስቲያን ነበር፣ ከ200 ዓመት በኋላ። ሲነበብ ይሄን መርሳት አያስፈልግም። በ1972 እዚያው አይስላንድ ያንን እምነት የሚያድስ ማኅበር ተመሠረተ፣ በዓመቱ መንግሥት እውቅና ሰጠው። መሪው ገበሬና ገጣሚ ነበር።

ጥያቄ፦ ስቶንሄንጅን ድሩይዶች ናቸው የሠሩት?

አይ። ስቶንሄንጅ እንግሊዝ ውስጥ ያለው የትልልቅ ድንጋዮች ክብ ነው፣ ድሩይዶች ደግሞ የጥንት ኬልቶች ካህናት። ድንጋዮቹ ድሩይዶች በጽሑፍ ከመታወቃቸው ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ጥያቄ፦ ደመራ፣ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ አድባር፤ እነዚህ የአረማውያን ቅሪት ናቸው? አያቴ አድባሯን ቅቤ ስትቀባ አስታውሳለሁ።

እህቴ፣ በጥንቃቄ ልመልስልሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሁራን የገጠር ልማድ ባዩ ቁጥር "ይሄ የጥንት አምልኮ ቅሪት ነው" ይሉ ነበር። ይሄ መንገድ ዛሬ ተጥሏል፣ ምክንያቱም መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። እሳት የማያነድድ ሕዝብ የት አለ? ደመራ የምትነግረው ታሪክ የንግሥት እሌኒና የመስቀሉ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ነበረ የሚል ሰው ጽሑፍ ወይም ቁፋሮ ማምጣት አለበት።

አያትሽን ግን "ቅሪት" አልላቸውም። ዛፍ ሥር ቅቤ ይዘው ሲቆሙ ልጃቸው እንዲድን፣ ዝናብ እንዲመጣ እየለመኑ ነበር እኮ፤ በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያንም ስመው ይሆናል። ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉ ከራሳቸው አፍ መስማት ነው ጥናቱ። በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ ድምፃቸውንም ቅጂው።

ጥያቄ፦ ዋቄፈናስ ፓጋን ይባላል?

አይባልም፣ እኔም እንዲባል አልፈልግም። ዋቄፈና በአንድ ዋቃ የሚያምን፣ የራሱ ስም ያለው፣ ሳይቋረጥ የመጣ የኦሮሞ እምነት ነው። ፓጋን የሚለው ስም በራሱ ፈቃድ ለሚወስደው ነው። ለሌላው የራሱ ስም እያለ ሌላ መለጠፍ ያው የድሮውን ስድብ መድገም ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ የሓ መሄድ አልችልም። የሚታይ ነገር አለ?

አለ እንጂ! ብሔራዊ ሙዚየም ግባ። ሉሲን ብቻ አይተህ አትውጣ፤ አክሱም አጠገብ ሐውልቲ ከሚባል ቦታ የመጣችውን የተቀመጠች ሴት ሐውልት ፈልግ። ረጅም ሽንሽን ቀሚስ ለብሳለች፣ ሁለት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ንግሥት ትሁን አምላክ ምሁራን አልተስማሙም። ፊት ለፊቷ ትንሽ ቁምና ለራስህ ፍረድ፣ ከዚያ ተመልሰህ ያሰብከውን ጻፍልኝ።