በብርዱ ጠዋት ወፍ ፍለጋ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ወፍ እያየሁ በእግሬ እንደምሄድ ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሾቻችሁ ጥያቄ አዘነባችሁ። ዓመታት ስላየሁ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፈረንጆች ወፍ ማየት በክረምት ነው ደስ የሚለው ይላሉ። በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል?

የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው! እዚያ በረዶ ሲወርድና የሚበላ ነፍሳት ሲጠፋ ብዙዎቹ ወፎች ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ገደማ እንግዶቻችን ናቸው። አንዷ ቢጫ ሆድ ያላት፣ ሣር ላይ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፣ ግን ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል በርራ ነው የመጣችው። ቀና ካላችሁ ደግሞ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳ የመጣ ንስር ታያላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥን እመርጣለሁ፣ ውርጩን ከቻላችሁት።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት እንውጣ?

ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወያላ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎህ ሲቀድ ጣራችን ላይ እየጮኸ የሚቀሰቅሰን ትልቅ ወፍ አለ። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ (Wattled Ibis) ይባላል፣ በደንብ እዩት። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። ጉሮሮው ሥር ትንሽ ቆዳ ተንጠልጥሎለታል፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ምንቃሩን ሣር ውስጥ እየሰካ ትልና እጭ ይለቅማል። ሰው እሱን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ይመጣል፣ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። እዚሁ ሰፈር ሁለት ሌሎች የእኛ ወፎች አሉ። አንዱ ያ ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው። ሌላው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው፣ የቤተ ክርስቲያን ጣራ የሚወድ እርግብ ነው። የሥላሴ ግቢ ዛፎች ሥር አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። አሮጌ ጽድና ወይራ ባለበት ወፍ አይጠፋም፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ባለበት ግን ጸጥ ይላል።

ጥያቄ፦ አበባ ላይ ሃሚንግበርድ፣ ያን በአየር ላይ ቆሞ የአበባ ማር የሚመጥጥ ትንሽ ወፍ፣ አይቻለሁ፣ ማንም አላመነኝም።

እኔም አላምንህም፣ ይቅርታ። ሃሚንግበርድ የሚኖረው አሜሪካ አህጉር ላይ ብቻ ነው። ያየኸው የአበባ ማር የሚመጥጥ የእኛ ወፍ ነው። አንዱ ዓይነት እንዲያውም በተከዜ ወንዝ የተሰየመ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ወይን ጠጅ ሆኖ ያበራል።

ጥያቄ፦ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትሄዳለች?

የትም! ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። የጠፋ ዘመድ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ ብቅ አልክ» እንላለን አይደል? ወፏ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት። ወንዱ በዝናቡ ወቅት ለመራባት ሲል ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ያወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ልብሱን አውልቆ ቡኒ ይሆናል፣ ያኔ ከድንቢጥ መለየት ያቅታል። አሁን በበጋው ከፊታችሁ ሣር ላይ ሲለቅም ሳታውቁት ታልፉታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጥንብ አንሳ አይቀፍህም?

አይቀፈኝም። ቄራ አካባቢ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ነው። ዋናው ገዳዩ መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ወይም ለውሻ ብሎ ሥጋ ይመርዛል፣ እሱ መጥቶ ይበላል። ስንት ጥንብ እንደሚያጸዳልን ሲጠፋ ነው የሚገባን።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ልግዛ?

8 በ42 የተጻፈበት። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። «20 እጥፍ ያጎላል» የሚሉህን እለፋቸው፤ እጅህ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ ወደ መንግሥት ግቢና ወደ ኤምባሲ እንዳታነጣጥረው። አንዴ አንድ ግቢ አጥር ላይ ያረፈ ወፍ ሳይ ጥበቃው መጥቶ ሩብ ሰዓት አቆመኝ። «ወፍ ነው የማየው» አልኩት። «የታለ?» አለኝ። ሄዷል።

ጥያቄ፦ ጅብስ እናያለን?

ከእንጦጦ በወንዞቹ ሸለቆ እየተከተለ ይወርዳል፣ ግን ማታ ነው። በእኛ ሰዓት እሱ ተኝቷል።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ይዤ ብመጣስ?

ውሻው ይቅር፣ እህቴ። ልጅሽን አምጪው፣ ጃኬት ደርቢለት፣ ሥላሴ በር ላይ 12:30።