የልጄ ልደት በሁዳዴ፣ የአባቴ ሙት ዓመት በብድር

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጄ መጋቢት 5 ተወልዳ ግንቦት 24 ክርስትና ተነሥታለች። በመጪው መጋቢት አንድ ዓመት ይሞላታል። ባለቤቴ ኬክ ተቆርጦ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተጠርቶ ልደቷ ይከበር ይላል። እናቴ ደግሞ «ልደት ማክበር የሄሮድስ ሥራ ነው» ብላ ተቆጥታለች። ከዚያ በፊት ጥቅምት ላይ የአባቴ ሙት ዓመት ይደርሳል። የአርባውን ተዝካር አቅማችን በፈቀደው አውጥተናል። ለሙት ዓመቱ ግን እናቴ ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጠራ ትላለች። ይህ ያለ ብድር አይሆንም። በልጅ ልደት መደሰት ኃጢአት ነው? ለአባቴ ነፍስ ብዬ ብበደርስ ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ሕፃኗን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልሽ፤ የአባትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅሽ መልካም ነው፣ መልሳቸው ከአንድ ቦታ ይመጣልና። እኛ ዘንድ የመታሰቢያ ቀን የሚመዘነው በቤተ መቅደስ ምን ጸሎት ደረሰበት፣ የተራበስ ምን ቀመሰበት ተብሎ ነው። የልጅሽንም ቀን፣ የአባትሽንም ቀን በዚሁ እንይ።

እናትሽ ሄሮድስን ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈርዖን በተወለደበት ቀን ግብዣ አድርጎ የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ሰቀለ (ዘፍ. 40፥20-22)። ሄሮድስም በልደቱ ቀን በዘፈን ተማርኮ፣ በመሐላው ተይዞ የመጥምቁን የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ (ማቴ. 14፥6-10)። በሁለቱም ግብዣ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን እያነበቡ ያደጉ እናት የልደት ድግስ ሲሰሙ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን በዚያ ግብዣ ላይ አንገቱ የተቆረጠው የዮሐንስ የራሱ ልደት እንዴት እንደ ተነገረ አስቢ። መልአኩ ለዘካርያስ «በመወለዱም ብዙዎች ደስ ይላቸዋል» አለው (ሉቃ. 1፥14)። ቤተ ክርስቲያንም ሰኔ 30 ቀን ልደቱን ታከብራለች። የሄሮድስ በደል መወለዱን ማሰቡ አልነበረም፤ ስካሩ፣ ከንቱ መሐላውና በሰው ፊት ላለማፈር ሲል ንጹሕ ደም ማፍሰሱ ነው። በልጅሽ መወለድ መደሰት ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም አለመደሰት ነው የሚያስፈራው።

የጌታችን ልደት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 ይከበራል። የእመቤታችን ልደት ግንቦት 1 ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት ታኅሣሥ 24 እናስባለን። ግንቦት ልደታን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው ተቀላቅሎ ይቀቀላል፤ ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ተባርኮ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታደላል። ከቤት ውጭ መሆኑ እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ መወለዷን ለማሰብ ነው። ያንን ንፍሮ ለመቅመስ የጥሪ ወረቀት የሚጠየቅ የለም፣ ስጦታ ይዞ የሚመጣም የለም። የልጅሽን ልደት ስታስቢ በዐይነ ልቡናሽ ይህ ይታይሽ።

የሆነ ሆኖ፣ የቅዱሳን መታሰቢያ በየዕለቱ በሚነበብበት በስንክሳራችን ሚዛኑ የሚደፋው ወደ ዕረፍት፣ ማለትም ወደ ሞት ቀን መሆኑን መካድ አይቻልም። ጠቢቡም «ከመወለድ ቀንም የሞት ቀን ይሻላል» ብሏል (መክ. 7፥1)። ሕፃን ሲወለድ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ጻድቅ ሲያርፍ ግን ሩጫውን ፈጽሟል። የሰምርኔስ ምእመናን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳሳቸው ፖሊካርፐስ ሰማዕት ከሆነ በኋላ በላኩት መልእክት፣ የሰማዕትነቱን ቀን እንደ ልደቱ ቀን ቆጥረው በየዓመቱ ሊያከብሩ መቁረጣቸውን ጽፈዋል። እኛም ከጣና ዳር ነሐሴ 24 ሲደርስ ወደ ጓንጉት ገዳም የምንሄደው የእናታችንን የክርስቶስ ሠምራን ዕረፍት ለማሰብ ነው። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ የደነገገው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅሙ በጣናው ደሴት ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያለው። ያ ሁሉ ንጉሥነት የነበረው ሰው ዛሬ የሚወሳው ለእመቤታችን ባቆመው በዓል ነው፤ የራሱን የልደት ቀን ጠይቆኝ የሚያውቅ ምእመን የለም።

አሁን ወደ ልጅሽ። መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት ነው፣ ታላቅ ቀን ነው። ግን ምንጊዜም ከሁዳዴ አይወጣም። ዐቢይ ጾም ሲቀድም የካቲት 1 ይገባል፣ ሲዘገይ መጋቢት 5፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም። ስለዚህ ልጅሽ ሰባት ዓመት ቢሞላት፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት የልደቷ ቀን በጾም ውስጥ ነው። ወተትና እንቁላል የገባበት ኬክ፣ ሙዚቃና ጭፈራ በዚያ ቀን አይሆንም። ለባለቤትሽ ይህን በቁጣ ሳይሆን ቀኑን ቆጥረሽ አሳዪው፣ ይገባዋል። ቀኑ ግን ባዶውን አይለፍ። ጠዋት ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፤ አቁርቧት። ማታ የጾም ዳቦ ቆርሳችሁ ጸልዩላት፣ በዚያው ይበቃል።

ሰው መጥራት የምትፈልጉ ከሆነ ግንቦት 24ን ያዙ። ከእግዚአብሔር የተወለደችው በዚያን ቀን ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ መጠመቋ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ከመግባቷ ጋር የተያያዘ ነው፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ላይ ታገኚዋለሽ። ደግሞ ግንቦት 24 ጌታችን በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ግብፅ የገባበት መታሰቢያ ነው። የእኛ አባቶች ትውፊት ስደቱን እስከዚህ ሐይቅ ያደርሰዋል፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ጣና ቂርቆስ ላይ እንደ ተቀመጠች ይተርኩልናል። የሽምብጥ ልጅ ክርስትና የተነሣችበት ቀን ይህ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ፋሲካ ሚያዝያ 5 ወይም ከዚያ ወዲህ በዋለበት ዓመት ግንቦት 24 በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ስለሚሆን፣ ረቡዕም ዓርብም ቢሆን ፍስክ ነው። ፋሲካ ከዚያ ከቀደመ ግን የሰኔ ጾም ገብቷልና ማዕዱ የጾም ይሁን። የክርስትና እናቷን አትርሺ፣ የመጀመሪያዋ ተጠሪ እርሷ ናት።

ሻማ ስለማጥፋት አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛልና ልናገር። እፍ ብሎ ማጥፋቱን ኃጢአት ብዬ አልፈርድበትም። እኔ ግን ለቤቴ አልመርጠውም። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምናበራው ለጸሎት ነው። ሕፃን የምትማረው በዐይኗ ስለሆነ፣ በቀኗ ጧፍ አብርተሽ «አባታችን ሆይ» ስትይ ትይሽ።

የአባትሽ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥራቸው ቀናት ከንቱ ልማድ አይደሉም። ሣልስቱ የጌታችንን ትንሣኤ፣ አርባው ዕርገቱን እያሰብን የምንጸልይባቸው ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ጌታ ይስጠው» ብሎ ጸልዮአል (2ጢሞ. 1፥18)። ለአባትሽ የሚጠቅመው ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ ለድኻ በስሙ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ድንኳኑ ለፀሐይ ነው የሚተከለው። በሬ ማረድ በራሱ ነውር የለበትም፤ ያለው አርዶ ድኻ ቢያበላ ዋጋ አለው። ተበድሮ ማረድ ግን የታዘዘ አይደለም። ሐዋርያው ስለ መስጠት ሲናገር «በጎ ፈቃድ ቢኖር፥ እንዳለው መጠን የተወደደ ይሆናል እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም» ይላል (2ቆሮ. 8፥12)። ስለዚህ ለአባትሽ ነፍስ ብለሽ መበደር የለብሽም። የእርሻ በሬ ለተዝካር ተሸጦ፣ በዓመቱ መሬቱ ለእኩል አራሽ የተሰጠበትን ቤት በዐይኔ አይቻለሁ። ልጆቹ ሲራቡ ሟቹ ደስ ይለዋል ብዬ ማስተማር አልችልም።

በስንት ተዝካር ላይ እኮ ካህናቱ ፍትሐት ቆመው ሳለ ሰው ዐይኑ ጋኑ ላይ ነው! ግማሹ ቅኔውን አይሰማም፣ ግማሹ የሟቹን የክርስትና ስም አያውቅም፣ የኔ ቢጤው ከአጥሩ ውጭ ፍርፋሪ ይጠብቃል። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ባለጠጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፣ የሚመልሱልህ ብድር የሌላቸውን ድሆችን ጥራ ብሎ ሳለ (ሉቃ. 14፥12-14) እኛ ገልብጠነዋል። እኛ የተጠራን ካህናትና መምህራንም ከወቀሳው አንወጣም። ለሙታን መታሰቢያ የሚጠሩ አገልጋዮች በልክ ይብሉ፣ በልክ ይጠጡ የሚለው ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የተጻፈ ነው።

ለእናትሽ ግን «ድግሱ አይጠቅምም» ብለሽ አትጀምሪ። ባላቸውን ያጡት እሳቸው ናቸው። በድንኳኑ ውስጥ ፍቅራቸው አለ፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃትም አለ። ፍቅሩን ተቀበያቸው፣ ሥራም ስጫቸው። ድፎውን ራሳቸው ይጋግሩ። ከየአብነት ትምህርት ቤቱ የቆሎ ተማሪዎችን ጥሩ፤ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ አንጠልጥለው «ስለ ማርያም» ከሚሉት መካከል ዐሥራ ሁለቱን አስቀምጦ ወጥ በእንጀራ እስኪጠግቡ የማብላቱ ወጪ ከበሬው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የተረፈችሁ ካለ ዕጣን፣ ዘቢብና ጧፍ ለደሴት ገዳማት ላኩ። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት የዚያን ባለቤትሽ ያድርስ። እንጦስ ኢየሱስ ግን የሴት መነኮሳት ገዳም ነውና እናትሽ በጀልባ ሄደው በእጃቸው ቢሰጡ፣ እማሆዮቹም የአባትሽን ስም ከአፋቸው ሰምተው ቢጸልዩ፣ ልባቸው እንደሚያርፍ አምናለሁ። ለዚህም ለጀልባው ብቻ ነው የሚወጣው።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ምግቡ የጾም ይሁን። ጥቅምት የጽጌ ወር ነው፤ ጾሙ የፈቃድ ስለሆነ በሌላው ቀን ፍስክ ብታቀርቡ አይከለከልም፤ ግን ከተጠሩት ውስጥ የሚጾም ይኖራልና ሽሮውም ምስሩም አይጉደል። ቅዳሴ የሚገኝበት ቀን እንዲሆን አንድ ሁለት ቀን ማስቀደም ካስፈለገ ከንስሓ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

አባትሽ በጸሎት የሚጠሩት በዓለም ስማቸው ሳይሆን በክርስትና ስማቸው ነው። ካላወቅሽው እናትሽን ጠይቂና በወረቀት ጽፈሽ ከሙት ዓመቱ ሳምንት አስቀድመሽ ለንስሓ አባትሽ ስጪ፤ የልጅሽንም የክርስትና ስም እዚያው ላይ ጨምሪበት።