ዞኒንግ በሕዝበ ውሳኔ፦ የሚሺጋን ካውንቲና ታውንሺፕ ጥያቄና መልስ

የምመልሰው በአሜሪካዋ ሚሺጋን ስቴት የዞኒንግ ሕግ፣ ማለትም የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል በሚወሰንበት ሕግ (የ2006 አክት 110) ላይ ብቻ ነው፤ ዓመትና ወሩ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ካውንቲ እንደ ወረዳ ነው፤ ታውንሺፕ በውስጡ ያለ አነስተኛ አስተዳደር ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ ሕዝበ ውሳኔ ለመጠየቅ የተሰጠው ቀን የሚቆጠረው የደንቡ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከወጣበት ነው፤ ቦርዱ (የአካባቢው ምክር ቤት) ድምፅ ከሰጠበት አይደለም።

ሰላማዊት፦ ጋሼ፣ ካውንቲያችን የእርሻ መሬትን ለመጋዘን የሚከፍት ደንብ ባለፈው ሳምንት አጸደቀ። ሕዝቡ እንዲወስንበት ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጋዜጣውን ፈልጊ። ማስታወቂያው ደንቡ በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ አንድ የተመዘገበ መራጭ «የፊርማ አቤቱታ ላቀርብ አስቤአለሁ» የሚል ጽሑፍ ለካውንቲው ክለርክ (የመዝገብና የምርጫ ኃላፊ) ያስገባል። አንድ ሰው ይበቃል። የእናንተ ቅጂ ላይ ቀን ያለው ማኅተም አስመቱ። ይህ ጽሑፍ ካልገባ፣ በኋላ ሺህ ፊርማ ብታመጡም ዋጋ የለውም። ከገባ ደንቡ ባለበት ይቆማል፤ ፊርማውን ለማስረከብ 30 ቀን ይኖራችኋል። ይህም 30 ቀን የሚቆጠረው ከጋዜጣው ነው። ጽሑፉን በ7ኛው ቀን ያስገባ ሰው የቀረው 23 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ብሩክ፦ ስንት ፊርማ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ባለፈው የስቴቱ ገዥ ምርጫ ለሁሉም ዕጩዎች ከተሰጠው ድምፅ 15 በመቶ። እስከ ኖቬምበር 2026 ምርጫ ድረስ መነሻው የ2022ቱ ነው። የተመዘገበ መራጭ ብዛት አይደለም፤ የካውንቲው ጠቅላላ ድምፅም አይደለም። የካውንቲው ዞኒንግ የሚገዛው አካባቢ ድምፅ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ከተሞች፣ መንደሮች (ቪሌጅ የሚባሉት) እና የራሳቸው ዞኒንግ ያላቸው ታውንሺፖች ይወጣሉ። እዚያ የሚኖር ሰው መፈረምም፣ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ መስጠትም አይችልም። አካባቢው 2,000 ድምፅ ሰጥቶ ከነበረ 300 ፊርማ ነው። እኔ ግን 400 ሳይሞላ አታስረክቡ እላለሁ፤ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን በር የሚሰበሰብ ፊርማ ውስጥ የከተማ ነዋሪ አይጠፋም። አሰባሳቢውም ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የመጨረሻው ፈራሚ ከፈረመ በኋላ ነው። የእሱ ቀን ከፈራሚው ቀን ከቀደመ ያ ፊርማ ይወድቃል።

ተስፋ፦ ፊርማው ስንት ነው?

መልስ፦ አሁን መለስኩ። ከላይ አንብብ።

የአሌክሳንድርያ ልጅ፦ ቨርጂኒያስ?

መልስ፦ እዚያ ለዞኒንግ እንዲህ ያለ ሕዝበ ውሳኔ የለም። የካውንቲ ቦርዱ ወይም የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተገኝተህ ተናገር።

ሄኖክ፦ ጎረቤቴ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው። በድምፅ ማስቆም እንችላለን?

መልስ፦ በምን ፈቃድ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? የደንቡ ጽሑፍ ወይም የዞኒንግ ካርታው ከተለወጠ፣ አዎ። ስፔሻል ላንድ ዩዝ (ደንቡ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅደው አጠቃቀም)፣ ቬሪያንስ (ከደንቡ ለአንድ ቦታ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ) ወይም የግንባታ ፈቃድ ከሆነ፣ አይቻልም። እነዚህ ያለውን ደንብ በአንድ ቦታ ላይ መተግበር ናቸው፤ አቤቱታቸው ወደ ይግባኝ ቦርድ ወይም ፍርድ ቤት ነው። የግንባታ ኮዱም (ሽቦው፣ ቧንቧው፣ መሠረቱ) የስቴቱ ስለሆነ በካውንቲ ድምፅ አይነካም።

ማርታ፦ ይቅርታ፣ ግን ይህ ነገር መልካም ነው? ካሊፎርኒያ በ1950 ለዝቅተኛ ገቢ የሚሠራ የሕዝብ መኖሪያ በአካባቢው መራጭ ይሁንታ ብቻ እንዲሆን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች። ቤት ያለው ቤት የሌለውን በካርድ ይከለክላል።

ብሩክ፦ ታዲያ አምስት የቦርድ አባላት ብቻቸውን ይወስኑ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እኮ በ1976 በኢስትሌክ (የኦሃዮ ከተማ) ጉዳይ ሕዝቡ በዞኒንግ ለውጥ ላይ ድምፅ መስጠቱን ፈቅዷል።

ማርታ፦ ዳኞቹ የፈቀዱት ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። በ1971ም የካሊፎርኒያውን አጽድቀዋል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያነሣችሁት እውነት ነው። ማርታ የምትለው ሥጋት ስላለ ነው እኔ ደንቡን ሙሉውን ሳታነቡ ፊርማ አትሰብስቡ የምለው። አንድ ደንብ ለመጋዘንም፣ ለአነስተኛ ኪራይ ቤትም በር ሊከፍት ይችላል፤ ሕዝበ ውሳኔው ሁሉንም አብሮ ይጥላል። ክርክሩን ግን ለብቻው አድርጉት፤ ጠያቂ እየጠበቀ ነው።

ደረጀ፦ የሶላር እርሻ ደንብ ብንጥልስ?

መልስ፦ 50 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ2023ቱ አክት 233 መሠረት አልሚው ወደ ስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ሊሄድ የሚችልበት መንገድ አለ። ሕጉ ከኖቬምበር 29፣ 2024 ጀምሮ ይሠራል። ደንባችሁን ስትጥሉ ለድርድር የያዛችሁትን የርቀትና የአጥር መለኪያም ትጥላላችሁ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሥልጣኑ የእናንተው ነው።

ሰላማዊት፦ ጋሼ፣ ማስታወቂያው ሐሙስ ወጥቷል። ቦርዱ ድምፅ ከሰጠ ግን ዛሬ 8 ቀን ሆነው። አልፎናል?

መልስ፦ አላለፋችሁም! ቀኑ ከጋዜጣው ነው አልኩ እኮ። ነገ ጠዋት ክለርኩ ጋ ሂጂ። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስም ለሰዉ በግልጽ ንገሪ፦ «አዎ» ማለት ደንቡ ይጽና ነው፤ ማስቀረት የፈለገ «አይ» ይበል።