የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዕብራውያን በዓላት በ2019 ዓ.ም. መቼ ይውላሉ?

በ2019 የዕብራውያን አዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና፣ የሚገባው በእንቁጣጣሽ ምሽት ነው። ከዚህም የተነሣ ይመስለናል፣ ስለ ዕብራውያን አቆጣጠር የደረሱን ጥያቄዎች ከወትሮው በዝተዋል። ጥቂቶቹን መርጠናል። ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል፤ የፈረንጆቹን «እ.ኤ.አ.» በማለት ለይተናል።

ጥያቄ (ከአሽዶድ)፦ የግድግዳ ካላንደሬ ሮሽ ሃሻና መስከረም 2 ነው ይላል። በሥራ ቦታ ግን መስከረም 1 ይገባል ብለውኛል። ፈቃድ የምጠይቀው ለየትኛው ቀን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። በዕብራውያን አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ካላንደር የሚያትመው ግን በዓሉ የሚውልበትን መዓልት ብቻ ነው። ሮሽ ሃሻና ዓርብ መስከረም 1 ሲመሽ ገብቶ ቅዳሜና እሁድ ይውላል። የስርየት ጾም የሆነው ዮም ኪፑር እሁድ መስከረም 10 አመሻሽ ላይ ይገባል፣ ሰኞ 11 ይውላል። የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ ደግሞ ዓርብ መስከረም 15 ማታ ገብቶ ቅዳሜ 16 ይጀምራል። ስለዚህ ፈቃድ ሲጠይቁ የዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ይጨምሩበት። የሻማ መለኮሻው ሰዓት በብዙ ቦታ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ነው፤ በኢየሩሳሌም ልማዱ 40 ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ የሚሞላ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ዮም ኪፑርን «መስከረም 11» ብሎ ይመዘግብና እሁድ ማታ ተረጋግቶ እራት ይቀርባል፤ ጾሙ ግን ከገባ ቆይቷል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በ2018 የቲሽሪ (ሮሽ ሃሻና የሚውልበት ወር) ጨረቃ ሰኞ መስከረም 12 ተወለደች ሲባል፣ ሮሽ ሃሻና ግን ማክሰኞ 13 ዋለ። ለምን?

መልስ፦ በ10 ደቂቃ ምክንያት።

የዕብራውያን ወር ዛሬ የሚታወቀው በስሌት ነው፤ ጨረቃ ወጥቶ የሚያይ ምስክር አይጠበቅም። ትውፊቱ ይህን ቋሚ ስሌት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለዳግማዊ ሂሌል ይሰጠዋል። ከአንዲት ጨረቃ ልደት እስከ ቀጣይዋ 29 ቀን፣ 12 ሰዓትና 793 ክፍል ይቆጠራል። አንድ ሰዓት 1080 ክፍል ስላለው 18 ክፍል አንድ ደቂቃ ይሆናል። የልደቷ ቅጽበት ሞላድ ይባላል፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ተነሥቶ ነው።

በዚያ መስከረም የገባው የዕብራውያን 5786 ዓመት ሞላድ ሰኞ በ18 ሰዓት ከ187 ክፍል ላይ ወደቀ። ይህ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ7 ክፍል ነው። ሕጉ ደግሞ ሞላዱ እኩለ ቀን ላይ ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ በዓሉ ለማግስቱ ይተላለፋል ይላል። ሩብ ሰዓት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ሮሽ ሃሻና ሰኞ ይውል ነበር።

ሁለተኛው ደንብ ይበልጥ የታወቀ ነው፤ ሮሽ ሃሻና እሁድ፣ ረቡዕና ዓርብ አይውልም። ረቡዕ ቢውል ዮም ኪፑር ዓርብ ይሆናል፣ ዓርብ ቢውል ደግሞ እሁድ። በሁለቱም መንገድ ዮም ኪፑርና ሰንበት ተከታትለው ይመጡና ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ማብሰልም ሬሳ መቅበርም አይቻልም። እሁድ የተከለከለው በሱኮት ሰባተኛ ቀን በሆሻና ራባ ምክንያት ነው። በዚያ ቀን የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ይመታል፤ ሮሽ ሃሻና እሁድ ከሆነ ሆሻና ራባ ሰንበት ላይ ያርፍና ሥርዓቱ ይቀራል። ሌሎች ሁለት ደንቦችም አሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገለግሉ ሲሆኑ ዓመቱ 356 ወይም 382 ቀን እንዳይሆን ይጠብቃሉ።

ስሌቱን ራስዎ ይሞክሩት። ባለ 12 ወር ዓመት ሲያልፍ በሞላዱ ላይ 4 ቀን፣ 8 ሰዓትና 876 ክፍል ይደምሩ፤ ባለ 13 ወር ሲያልፍ 5 ቀን፣ 21 ሰዓትና 589 ክፍል። ዓመቱ ባለ 13 ወር መሆኑን ለማወቅ ለ19 አካፍለው ቀሪውን ይዩ፤ 3፣ 6፣ 8፣ 11፣ 14፣ 17 ወይም 0 ከቀረ 13 ወር አለው። 5786 ሲካፈል 10 ስለሚቀር 12 ወር ነው። ሰኞ 18 ሰዓት ከ187 ላይ 4 ቀን፣ 8 ሰዓትና 876 ክፍል ሲደመር ቅዳሜ 2 ሰዓት ከ1063 ክፍል ይመጣል። ይህን የሚያነብ ብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይመስለዋል፤ ዓርብ ማታ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ቅዳሜ ይፈቀዳል፣ እኩለ ቀንም አላለፈም፤ ስለዚህ የ5787 መግቢያ ቅዳሜ መስከረም 2 ሆነ።

5787 ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ 13 ወር ነው። የቀጣዩ ዓመት ሞላድ ዓርብ 0 ሰዓት ከ572 ክፍል ላይ ያርፋል፤ ዓርብ ግን ክልክል ስለሆነ በዓሉ ወደ ቅዳሜ መስከረም 21 ቀን 2020 ይሻገራል። ከመስከረም 2 እስከዚያ 385 ቀን አለ። ባለ 13 ወር ዓመት በመደበኛው 384 ነውና የተረፈችው አንዲት ቀን የት ትግባ? ከቲሽሪ ቀጥሎ ባለው ወር፣ በሔሽቫን ላይ ትጨመራለች። ሔሽቫንና ተከታዩ ወር ኪስሌቭ እንደ ዓመቱ 29 ወይም 30 የሚሆኑት ለዚህ ነው፤ የሌሎቹ ወሮች ልክ አይነካም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት) የ2019 መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው። መጥቅዕ የዕብራውያን የመለከት በዓል ከሆነ፣ ሮሽ ሃሻና እንዴት መስከረም 2 ይውላል? አንዱ ስሌት ስህተት ነው?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያስደሰተን ይህ ነው። ስህተት የለም።

ያንተን ስሌት እናረጋግጥ። 5500 እና 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7519 ነው። ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበር 13። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 23፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7። ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 8 ሲደመርበት መባጃ ሐመር 15፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

በሁለቱ መካከል ያለው 35 ቀን ነው። 30ው ከየት እንደመጣ መጀመሪያ እንይ። ሁለቱም አቆጣጠሮች በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ትርፍ ወር ያስገባሉ፤ የሚያስገቡበት ቦታ ግን ይለያያል። ዕብራውያን ትርፉን ወር ከክረምታቸው መጨረሻ ላይ፣ አዳር አንደኛ ብለው ያስገባሉ። ባሕረ ሐሳብ ግን ከመጥቅዕ በፊት አስገብቶ ጨርሷል፤ ከመጥቅዕ እስከ ኒሳን 14 (የዕብራውያን ፋሲካ የፔሳሕ ዋዜማ) ሁልጊዜ 190 ቀን ብቻ ይቆጥራል። ከጥቅምት 7 ተነሥተህ 190 ቀን ቁጠር፤ ሚያዝያ 17 ትደርሳለህ። ዕብራውያን ደግሞ ከመስከረም 2 እስከ ኒሳን 14 በ2019 221 ቀን አላቸው፤ 30ው አዳር አንደኛ፣ አንዱ ሔሽቫን ላይ የተጨመረችው ቀን ነው። ይህም ሚያዝያ 13 ላይ ያደርሳል። የ35 ቀኑ ልዩነት በሚያዝያ 4 ቀን ብቻ ሆነ።

የቀረው ጥቂት ቀን የዘመን ብዛት ያመጣው ነው። በባሕረ ሐሳብ 19 ዓመት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው፤ 235 የጨረቃ ወሮች ግን ከዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ። ጥቂት ይመስላል፤ በ308 ዓመት ገደማ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። በ2018ም መጥቅዕ መስከረም 18 ሲሆን ሮሽ ሃሻና 13 መዋሉን ልብ በል፤ ያኔ ትርፍ ወር ስላልነበረ ልዩነቱ 5 ቀን ብቻ ሆነ።

ፋሲካችን እሁድን ስለሚጠብቅ ርቀቱ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2018 ፔሳሕ መጋቢት 24፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4፤ በ2019 ፔሳሕ ሚያዝያ 14፣ ፋሲካ 24። ሁለት ዓመት ተከታትሎ 10 ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው።

ጥያቄ (ከነታንያ)፦ ሲግድን (የቤተ እስራኤልን በዓል) ከዮም ኪፑር 50 ቀን ስቆጥር አንዳንዴ አንድ ቀን አልፋለሁ።

መልስ፦ ዮም ኪፑርን ራሱን «አንድ» ብለው ይጀምሩ። ከማግስቱ ከጀመሩ 50ኛው ቀን ሔሽቫን 30 ይሆናል፤ ሔሽቫን 29 ቀን ብቻ በሆነበት ዓመት ደግሞ ወደ ኪስሌቭ ይገባሉ። ሲግድ ሔሽቫን 29 ነው፤ ያ ቀን በየትኛውም ዓመት አይታጣም። በ2019 ሰኞ ጥቅምት 30 ይውላል።

ሮሽ ሃሻና በሦስቱ ክልክል ቀኖች ስለማይውል ሔሽቫን 29 ሊያርፍ የሚችለው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ከዮም ኪፑር በቀር ጾም በሰንበት ስለማይገባ በዓሉ ከፊቱ ወዳለው ሐሙስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነው ይኸው ነው፤ ቀኑ ኅዳር 21 ቅዳሜ ሲሆን በኢየሩሳሌም የተከበረው ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን 2017 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት (የክኔሴት) ሕግ ብሔራዊ በዓል ስላደረገው ዛሬ በየካላንደሩ ታትሞ ይገኛል፤ ቀሳውስቱ በቃል ቆጥረው የጠበቁት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው።

ጥያቄ (ከቤር ሼቫ)፦ ልጄ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2015፣ ቀን ላይ ነው። 12 ዓመት የሚሞላት በየትኛው አዳር ነው?

መልስ፦ ቀኑ አዳር 10 ቀን 5775 ነው። 5775 አንድ አዳር ብቻ ነበረው፤ 5787 ሁለት አለው። በአንድ አዳር ዓመት የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚሞላው በሁለተኛው አዳር ስለሆነ ባት ሚጽቫዋ (የ12 ዓመት በዓሏ) አዳር ሁለተኛ 10፣ ማለትም መጋቢት 10 ቀን 2019 ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ አዳር 11 ይባል ነበር፤ አዳራሽ ከመያዝዎ በፊት የልደት ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በአዳር አንደኛ የተወለደ ወንድ ልጅ ግን 13 ዓመት የሚሞላው በአዳር አንደኛ ነው፤ 5774ም ሁለት አዳር ነበረው። የሙት ዓመት መታሰቢያ ግን በዚህ አይመራም። በአንድ አዳር ዓመት ለሞተ ሰው የአሽከናዝ ልማድ አዳር አንደኛን፣ የሰፋርዲ ልማድ አዳር ሁለተኛን ይይዛል፤ የምኵራብዎን ረቢ ወይም ቄስ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እህቴ እስራኤል ውስጥ ፔሳሕን በ7 ቀን ትጨርሳለች። እኛ ለምን 8 እንቆጥራለን?

መልስ፦ ወር በጨረቃ ምስክር በሚታወጅበት ዘመን መልእክተኞች ከኢየሩሳሌም ሩቅ አገር በጊዜ አይደርሱም ነበር፤ በጥርጣሬው ምክንያት ሁለት ቀን ይከበር ነበር። ስሌቱ ቋሚ ከሆነ በኋላም ልማዱ በውጭ አገር ጸና። ሮሽ ሃሻና እስራኤል ውስጥም ሁለት ቀን ነው፤ ዮም ኪፑር በሁሉም ቦታ አንድ።

ጥያቄ (ከረሆቮት)፦ የ2019 ሐኑካ (ስምንት ማታ ሻማ የሚበራበት በዓል) ዓርብ ማታ ይጀምራል። የትኛው ሻማ ይቀድማል?

መልስ፦ የሐኑካው። የሰንበት ሻማ ከተለኮሰ በኋላ ሌላ እሳት ስለማይነካ ዓርብ ኅዳር 25 ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመሪያ የሐኑካውን፣ ቀጥሎ የሰንበቱን ይለኩሱ። የሐኑካው ብርሃን ከዋክብት ከወጡ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። በፓኬት የሚሸጠው ቀጭን ሻማ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚነድ ለዓርብ አይበቃም፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚቆይ ወፍራም ሻማ ወይም ዘይት ይጠቀሙ። ስምንተኛው ማታም ዓርብ ነው፣ ታኅሣሥ 2። በየማታው አንድ እየተጨመረ ያኔ ከማብሪያው ሻማ ጋር 9 ስለሚሆኑ ለሁለቱ ዓርቦች 11 ወፍራም ሻማ ለይተው ያስቀምጡ፤ ለቀሩት ስድስት ማታዎች 33 ቀጭን ይበቃል።