«ክሪፕ» እንዴት ተሠራ? የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ከቱሉ ዲምቱ

ባለፈው ሳምንት በድምፅ ብልጫ የመረጣችሁት የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሬዲዮሄድን «ክሪፕ» ነው። ነጠላ ዜማው መጀመሪያ የወጣው በ1992 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ያለሁት ቱሉ ዲምቱ፣ መቅጃ ክፍሌ ውስጥ ነኝ፤ መብራት እስካለ ድረስ እመልሳለሁ። ዘፈኑን ሳትሰሙ አትጠይቁ። የፔዳል (በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ መቀየሪያ) ጥያቄ ደግሞ ወደ መጨረሻ ይሁንልኝ።

የኮዬው ጊታሪስት፦ ጋሼ፣ እውነት በአንድ ቴክ (ሳይደገም በአንድ ጊዜ) ነው የተቀዳው?

መሠረቱ አዎ። ትንሽ ትንሽ ነገር በኋላ ተጨምሮበታል። ግን እዚያ እንዴት እንደደረሱ ስማ። ዘፋኙ ቶም ዮርክ ዘፈኑን የጻፈው ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ነው። ባንዱ ከሙዚቃ አሳታሚው ከኢኤምአይ ጋር ከፈረመ በኋላ ሁለት አሜሪካውያን ፕሮዲውሰሮች መጡለት፤ ፖል ኮልደሪና ሾን ስሌድ። ቦታው ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ያለው የቺፒንግ ኖርተን ስቱዲዮ ነው። የገቡት ግን ሌሎች ሁለት ዘፈኖች ሊቀዱ ነበር፤ «ክሪፕ» ዕቅዱ ውስጥ የለም።

ቀደም ብሎ ልምምድ ላይ ዘፈኑን አንዴ ተጫውተውታል። ዮርክ «የኛ የስኮት ዎከር ዘፈን» ብሎ አለፈው። ፕሮዲውሰሮቹ እውነትም የሌላው ዘፋኝ የስኮት ዎከር መሰላቸው። ምርጡ ዘፈናቸው የሰው መሆኑ ቆጭቷቸው ተዉት። በኋላ የታቀዱት ዘፈኖች አልሄድ ሲሉ፣ ኮልደሪ መንፈሳቸው እንዲፈታ ብሎ እስቲ ያንን ተጫወቱ አላቸው። ተጫወቱ። ሲጨርሱ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው አጨበጨበ። የራሳቸው ዘፈን መሆኑ የተረጋገጠውም ያኔ ነው። ኮልደሪ ወዲያው ኢኤምአይ ደውሎ ነጠላ ዜማው ይሄ ይሁን አለ።

እኛ ሰፈር ድራሙ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ጊታሪስቱ ማክሰኞ መጥቶ ይቀዳል፣ ዘፋኙ ቅዳሜ ይመጣል። እርስ በርስ አይተያዩም። ከዚያ «ዘፈኑ ለምን ነፍስ የለውም?» ብላችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ። አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወት አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይከተለዋል፣ ዘፋኙ ሲጮህ ድራመሩ ይመታል። አንድ ማይክ ብቻ ቢኖራችሁም አብራችሁ ተጫወቱ።

ቡራዩ ልጅ፦ ለዚህ ድምፅ የትኛው ፔዳል ይገዛ?

መጨረሻ ላይ ብያለሁ።

የለገጣፎዋ፦ አዝማቹ ሊገባ ሲል ጊታሩ «ጅክ ጅክ» የሚለው ምንድነው? ስሰማው ሁሌ ያስደነግጠኛል።

ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ጆኒ ግሪንዉድ ነው። ገመዶቹን በግራ እጁ አፍኖ በሙሉ ኃይሉ ይመታቸዋል፤ ኖታ የለውም፣ ምቱ ብቻ ነው። ሌላው ጊታሪስት ኤድ ኦብራየን እንደተናገረው፣ ጆኒ ዘፈኑን አልወደደውም፤ ድምፁ በጣም ለስላሳ ሆነበት። ስለዚህ ሊያበላሸው ፈልጎ መታው። ያ ማበላሸት ነው ዘፈኑን በእግሩ ያቆመው።

አሁን ቅንብሩን አስተውዪ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኮርዱ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) አራት ብቻ ነው። አይቀየርም። አዝማቹም ያው፣ ግጥሙ የሚተረክበትም ያው። የሚቀየረው ጉልበቱ ነው። መጀመሪያ ድራምና ቤዝ ለስለስ ብለው ይሄዳሉ፤ የኦብራየን ጊታር ኮርዱን አንድ አንድ ገመድ እየነካ ይበትነዋል፤ ዮርክ ጆሮሽ ሥር ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ከዚያ ሁለቱ ምቶች፣ ከዚያ ጎርፉ። አዝማቹ የሚያስደነግጥሽ ከሱ በፊት ዝምታ የሚመስል ነገር ስላለ ነው። እኛ ጋ የሚላኩልኝ ቅጂዎች ከመጀመሪያው ሰከንድ ሁሉም መሣሪያ ይጮኻል። አዝማቹ ሲመጣ የሚጨመር ነገር አልቋል። ፔዳል ከመግዛታችሁ በፊት ድምፅ ቀንሳችሁ መጫወት ተማሩ። ይህንን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ሰበታ 04፦ ሂት ዘፈን ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ አይደለም። ስለ «ክሪፕ» ጠይቅ።

ኪቦርዲስቷ፦ ጋሼ፣ ኮርዱ ጂ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሲ ማይነር ነው። ቢ ሜጀር ከጂ ቤት (ዘፈኑ ከተመሠረተባቸው ድምፆች) ውጭ ነው። ለምን ደስ ይላል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ውስጡ የሚሄደውን አንዱን ድምፅ ብቻ ተከተዪ። ጂ ውስጥ ዲ አለ። ቢ ውስጥ ዲ ሻርፕ ይሆናል። ሲ ላይ ኢ ይደርሳል። ሲ ማይነር ላይ ወደ ኢ ፍላት ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ዲ። በግማሽ ግማሽ ድምፅ ወጥቶ፣ በግማሽ ግማሽ ወረደ። ሰውየው ተስፋ አድርጎ ሲተወው የምትሰሚው እዚህ ነው፤ ግጥሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ይሰማዋል።

ይህንን ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ። የመጨረሻዋ እርምጃ፣ ከኢ ፍላት ወደ ዲ የምትወርደዋ፣ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። ትዝታ ማይነርን ከጂ ጀምረሽ ምቺ፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት። ኢ ፍላትና ዲ ጎን ለጎን ተቀምጠውልሻል። ትዝታ ሜጀር ላይ ግን ግማሽ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ እዚያ ይህ ስሜት በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሮክ መጫወት ስትፈልጉ ቅኝቱን ሰፈር ጥላችሁ አትሂዱ። አራቱን ኮርድ ከመቅዳት ይልቅ ያቺን ውድቀት በራሳችሁ ቅኝት ፈልጓት።

ቡራዩ ልጅ፦ ሮክ ግን እዚህ አገር አይሠራም። ሰው እስክስታ ነው የሚፈልገው።

የኮዬው ጊታሪስት፦ ጃኖ ባንድስ? «ኤርታሌ» አልበማቸው በ2012 ሲወጣ ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። ሰዉ አብሮ ሲዘፍን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቡራዩ ልጅ፦ አንድ ባንድ ገበያ አይሆንም። ከነሱ በኋላ ማን መጣ?

የለገጣፎዋ፦ መለማመጃ ቦታ ማን ይሰጥሃል? እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም ስንመታ ጎረቤት ኮሚቴ ሰብስቦ መጣብን።

ይብቃችሁ። ስለ ጃኖ ሌላ ቅዳሜ እንነጋገራለን፣ ይገባቸዋልም። የለገጣፎዋ፣ ድራሙ ላይ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ በቀን ተጫወቱ፣ ለጎረቤትም ሰዓቱን ቀድማችሁ ንገሩ።

ሰበታ 04፦ ዜማው የተሰረቀ ነው ይባላል። እውነት ነው?

«ዘ ኤር ዛት አይ ብሪዝ» የሚባል ዘፈን አለ፤ ዘ ሆሊስ በ1974 ያስታወቁት። የጻፉት አልበርት ሃመንድና ማይክ ሄዝልዉድ ናቸው። ኮርዱም ከዜማው የተወሰነውም ይመሳሰላል። አሳታሚያቸው ከሰሰ፣ በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ከባንዱ ጋር በደራሲነት ተጽፈዋል፣ ከገቢውም ድርሻ ተሰጣቸው። ሃመንድ ራሱ እንዳለው፣ ባንዱ መውሰዱን በግልጽ ስላመነ ሙሉውን አልጠየቁም፤ ትንሽ ድርሻ ይዘው ተስማሙ።

ቡራዩ ልጅ፦ ኮርድ የማንም አይደለም። ያልሆነ ክስ ነው።

ኪቦርዲስቷ፦ ኮርዱ ብቻ አይደለም፣ ዜማውም አለበት። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው።

እሷ ልክ ነች። እናንተም ተጠንቀቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ እዚህም ይሠራል። የሰው ዜማ ከወሰዳችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለቤቱን አናግሩ፣ በጽሑፍ ተስማሙ። «የሕዝብ ነው» እያላችሁ ባለቤት ያለውን ዜማ አታምጡብኝ።

የኮዬው ጊታሪስት፦ ሲወጣ ወዲያው ሂት ሆነ?

አልሆነም። መስከረም 1992 ወጣ፣ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 78ኛ ሆኖ ቀረ። የተሸጠው 6,000 ቅጂ አካባቢ ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 በጣም ያስተክዛል ብሎ አላጫወተውም። ባንዱም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

ያነሣው እስራኤል ውስጥ ያለ አንድ የሬዲዮ ሰው ነው። ዮአቭ ኩትነር ይባላል፣ በሠራዊቱ ሬዲዮ። ወደደው፣ ደጋግሞ አጫወተው፣ አገር ምድሩ ያዘው። ባንዱ በ1993 ቴል አቪቭ ሄዶ ተጫወተ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ የሮክ ሬዲዮ ጣቢያ አነሣው፣ ሌሎች አሜሪካውያን ጣቢያዎች ተከተሉ። በአሜሪካ የዘመናዊ ሮክ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረሰ፣ በጠቅላላው ሰንጠረዥ ደግሞ 34ኛ። አዝማቹ ሊገባ ሲል ያለውን የስድብ ቃል «በጣም» በሚል ቃል ቀይረው ለሬዲዮ የሚሆን ቅጂም አዘጋጅተው ነበር። ኢኤምአይ ይህን አይቶ በመስከረም 1993 እንግሊዝ ውስጥ እንደገና አወጣው፤ 7ኛ ሆነ። ያው ቅጂ፣ ያው ባንድ፣ አንድ ዓመት ልዩነት።

ዩቲዩብ ላይ በሳምንቱ ሰው አላየልንም ብላችሁ ዘፈናችሁን የምታጠፉ ልጆች፣ ይህንን አንብቡት። ዘፈኑን የሚወድ አንድ የሬዲዮ ሰው ፈልጉ። ሄዳችሁ በአካል ስጡት።

የለገጣፎዋ፦ ፒያኖው ለምን መጨረሻ ላይ ብቻ ይሰማል?

ኮልደሪ ሚክስ ሲያደርግ (የተቀዱትን ድምፆች ሲያዋህድ) እስከ መጨረሻው ማስገባቱን ረሳው። ባንዱ ሰምቶ ወደደው፣ እንዲሁ ቀረ።

ሰበታ 04፦ ባንዱ ዘፈኑን ይጠላዋል ይባላል።

ሰለቻቸው። ሰው ይህንን ብቻ ሰምቶ ከአዳራሽ ሲወጣ ከፋቸው። ለዓመታት ሳይጫወቱት ቆይተው በ2001 ኦክስፎርድ ላይ ተጫወቱት። ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ይጫወቱታል።

ቡራዩ ልጅ፦ ጋሼ፣ ፔዳሉ?

እሺ። ጆኒ የተጠቀመው ማርሻል ሽሬድማስተር ነው። ፋብሪካው ለዓመታት መሥራት አቁሞ በ2023 እንደገና አውጥቶታል፤ አሮጌውን ለማግኘት ገንዘብህን አትጨርስ። እጅህ ላይ ያለው ማንኛውም ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ይበቃሃል። ግን በመጀመሪያ ድምፅ ቀንሰህ መጫወት ተማር። ስንተኛ ጊዜዬ ነው? ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ቅዳና ላክልኝ፤ አንዴ ያለ ፔዳል፣ አንዴ በፔዳል። ያለ ፔዳሉን ነው መጀመሪያ የምሰማው። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲጀምር ግን አትቅዳ፣ ማይኩ ሁሉንም ይለቅመዋል።