የእጅ ምት ጠፍቶ ራስ ሲያዞር

እህት ዓለም፣ አብሽሪ። የ26 ዓመቷ እህትሽ «የደም ስር መቆጣት» ተብላ የግራ እጇ ምት ጠፍቷል፤ አሁን ደግሞ ያዞራታል፣ አንዳንዴም ዓይኗ ይጨልማል። «ከበሽታው ነው ወይስ ደም ማነስ?» ብለሻል። ደም ማነስም አብሮ ሊኖር ይችላል፣ ይመርመር። ግን ደም ማነስ የአንድ እጅ ምት አያጠፋም።

የእኔ ባለቤት ታካያሱ የሚባለው፣ ትልልቅ ደም ስሮችን የሚያጠብ የደም ስር መቆጣት ነው ያለባት። በሽታው የተሰየመው በጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1908 የጻፈውም የአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ስላየው የደም ስር ነበር። ስለዚህ የዓይኑን ነገር አትናቁት።

እኛም ደሴ ላይ ደም ማነስ ነው ተብለን ቀይ ሥር ስናበላት ከርመናል። ባለቤቴ ግራኝ ናት። ብርድ ልብስ ጨምቃ ገመድ ላይ ልታሰጣ ስትል ክንዷ ይዝላል፣ ወዲያው ዞሮባት ግድግዳ ትይዛለች። ቁጭ ስትል ይለቃታል። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ ደም ስር ጠቧል። ክንዱ ሲሠራ ደም ያጥረውና በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣውን ይስብበታል። የእህትሽስ እጇን ስታሠራ ነው ወይስ ተቀምጣም? አስተውላችሁ ለሐኪሟ ንገሩት።

ሌላው ግፊት ነው። በየትኛው እጅ ነው የሚለኩላት? የጠበበው እጅ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ እውነተኛው ግፊት ግን ጣሪያ ነክቶ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም እጅ ይለካ። ሁለቱም ከተጎዱ በእግር።

አፏ ከተጣመመ፣ ምላሷ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኗ ከዛለ ወይ አንድ ዓይኗ ድንገት ከጠፋ፣ በደቂቃ ቢለቃትም እንኳ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። በዚህ ዕድሜ ስትሮክ ብዙ ስለማይታይ ተረኛው ላይጠረጥር ይችላል። የበሽታዋን ስም ቀድማችሁ ተናገሩ።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የቁጣ ማብረጃ ክኒን ከጀመረች በገዛ እጇ እንዳታቋርጥ፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ፊቷ ይነፋል። የኛዋን ጎረቤቶች «ወላሂ ተመችቶሻል» ይሏታል! ጨው ቀንሱላት፣ ስኳሯን አስለኩ፣ የቲቢ ምርመራም ጠይቁ፤ መድኃኒቱ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ዱዓውም ጠበሉም ደግ ነው፣ እኛ ቤት ሁለቱም አለ። ክኒኑን ግን አይተካም።

አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈላችሁና ሲቲ አንጂዮግራፊ (ደም ስርን የሚያሳየው ምስል) ከታዘዘ፣ አንገቷም አብሮ ይነሳ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትውጡ።