ሎጊን ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆች፣ ሲ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚማር ሰው ቶሎ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ ሎጊን ነው። ስም ይጠይቃል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ልክ ከሆነ ያስገባል። ትክክለኛውን ጽፋችሁ ሲያስገባችሁ ያለቀ ይመስላችኋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ኮድ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምሞክረው የተሳሳተውን ነው።

ሁለት ጽሑፎችን በድርብ እኩል ምልክት ካወዳደራችሁ ፊደሎቹን ሳይሆን ሜሞሪ ላይ የተቀመጡበትን አድራሻ ነው የምታወዳድሩት። ተጠቃሚው አንድ ፊደል ሳይስት ቢጽፍም «ተሳስተሃል» ይባላል። ፊደሎቹን ራሳቸውን የሚያወዳድረው ስትርኮምፕ የሚባል ፈንክሽን ይህን ይፈታል፤ ግን ሁለቱ ሲመሳሰሉ የሚመልሰው ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ለኢፍ፣ «እውነት ከሆነ» ብሎ ለሚፈትነው ትእዛዝ፣ ሐሰት ነው። ውጤቱን ከዜሮ ጋር ሳታወዳድሩ እንዲሁ ኢፍ ውስጥ ከከተታችሁት ባለቤቱ ውጭ ይቀራል፣ የተሳሳተ የጻፈ ሁሉ ይገባል።

ተጠቃሚው የሚጽፈውን የሚቀበለውን ጌትስ የሚባል ፈንክሽን ደግሞ የትም ብታዩት አትንኩት። የባፈሩን፣ ማለትም ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ፣ ስፋት አያውቅም፤ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከመጣለት አልፎ ሌላውን ሜሞሪ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ዎርም የሚባለው በኔትወርክ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም ኮምፒውተሮች ውስጥ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነበር፣ ከቋንቋው ስታንዳርድ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በምትኩ የባፈሩ ስፋት በሚነገረው በኤፍጌትስ ተቀበሉ። እሱም ኢንተር ስትጫኑ የሚመጣውን የመስመር ማብቂያ አብሮ ስለሚያስቀምጥ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ አለበለዚያ «ልክ ጻፍኩ እኮ!» እያላችሁ ታድራላችሁ።

እነዚህስ ቶሎ ይለመዳሉ። የሚያሳስበኝ ፓስወርዱን ራሱ የምታስቀምጡበት ቦታ ነው። ኮዱ ውስጥ ጽፋችሁት ኮምፓይል ስለተደረገ (ወደ ማሽን ቋንቋ ስለተቀየረ) የተደበቀ እንዳይመስላችሁ። ሊኑክስ ላይ ስትሪንግስ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ፕሮግራማችሁ ላይ አስኪዱት፤ «ኢንተር ፓስወርድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ መልእክታችሁ ጋር ፓስወርዱም ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፋይል ላይ እንዳለ መጻፍም ያው ነው። ሰው እኮ አንዱን ፓስወርድ ለኢሜይሉም ለባንኩም ይጠቀምበታል፤ የእናንተ «ትንሽ ፕሮግራም» ሲዘረፍ የሚዘረፈው እሱ ነው!

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የቤል ላብስ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል፦ ፓስወርዱን አታስቀምጡ፣ ከእሱ ተሰልቶ የሚወጣውን፣ ወደ ኋላ የማይመለሰውን ሃሽ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሶልት፣ ማለትም በዘፈቀደ የተመረጠ ተጨማሪ ጽሑፍ፣ ጨምሩ፤ ስሌቱም ሆን ተብሎ ይዘግይ፣ እየገመተ የሚሞክር ሰው እንዲደክም። (ያንን ዎርም የጻፈው የዚሁ የሞሪስ ልጅ ነው።) ዛሬ አርጎን2 አለላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው። ሊብሶዲየም በሚባል ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ሶልቱንም ማረጋገጡንም ራሱ ይሠራዋል። እዚህም ልክ ሲሆን የሚመለሰው ዜሮ ነው፣ አደራ። እባካችሁ የራሳችሁን ሃሽ ለመፍጠር አትሞክሩ፣ ጎበዝ ብትሆኑም።

አረጋግጣችሁ ስትጨርሱ ፓስወርዱን ከሜሞሪ አጥፉት። ሜሞሪውን በዜሮ ለመሙላት በሚያገለግለው በሜምሴት ብቻ ካጠፋችሁት ኮምፓይለሩ «ይህ ባፈር ከዚህ በኋላ አይነበብም» ብሎ ትእዛዙን ሊዘለው ይችላል። ሊብሶዲየም ለዚህም ሶዲየም ሜምዜሮ የሚባል ፈንክሽን አለው፣ እሱን ተጠቀሙ።